የደራሲያን ወንፈል

ባለፈው ዓመት አንዲት ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ስታሳትም አብሬያት ነበርኩ። አንድ ሺህ ቅጂ በካርቶን ታሽጎ በሚኒባስ መጣና የሳሎኗን አንድ ግድግዳ ሸፈነው። ቤቱ በአዲስ ወረቀትና በቀለም ሽታ ታወደ። አንዱን ካርቶን በምላጭ ከፈተች፣ አንድ ቅጂ አወጣችና መስኮቱ ሥር አስቀምጣ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሽፋኑ አብረቀረቀባት። ነጠላዋን መስኮቱ ላይ ጋርዳ ብርሃኑን አለዘበችና ደግማ አነሳች። ከዚያ ሦስት መስመር ጽፋ ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ለጠፈችው። የቻናሉ ተከታዮች ያኔ ሁለት መቶ ጥቂት አለፍ ይሉ ነበር። ስልኩን አስቀምጣ ካርቶኖቹን እያየች፣ "እንግዲህ መጽሐፉ አንድ ሺህ፣ ሰዉ ሁለት መቶ" አለችኝ።

ስምንት መቶው አንባቢ ከየት ይመጣል? በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ደራሲ ሁሉ ይህ ጥያቄ አለበት። መልሱን ለማግኘት ባለፉት ዓመታት አንድ ሙያ ተፈጥሯል። ሙያው ግማሹ ንግድ ግማሹ ጉርብትና ነው፣ የሚሠራውም በአብዛኛው በስልክ ላይ ነው። ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት እሱን ነው።

መጽሐፍን ለአንባቢ ማድረስ ለአማርኛ ደራሲ ሁልጊዜም ጉዳዩ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ባሕር ተሻግሮ፣ ሮም ላይ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የብዙ ደራሲያንን ሸክም አቅልሎ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ልብ ወለድና ግጥም የሚታተመው ከደራሲው ኪስ ወይም ከዘመድ በተበደረ ገንዘብ ነው። ደራሲው ለማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ይከፍላል፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይና ለመደብር ብዙ ጊዜ በዱቤ ይሰጣል፣ ከዚያ ገንዘቡ እስኪመለስ ይጠብቃል። ከእጁ እስከ አገጩ መጽሐፍ ደርድሮ በየካፌው የሚዞረው አዟሪም የዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነው። የሚሸከመው አንባቢ ስሙን ጠርቶ የሚጠይቀውን መጽሐፍ ነውና ስም የሌለው ደራሲ ክንዱ ላይ ቦታ አያገኝም።

ስም የሚሠራው ደግሞ በሌላ ሰው አፍ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረው ሰው እንኳ ባለታሪኮቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቃቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ጻፉት፣ ወጋየሁ ደግሞ በድምፁ ወደየቤቱ አደረሰው። ዛሬ በስልክ የሚሠራው ሥራ ዘሩ ከዚያ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወደ አንባቢ ያደርሳል።

ስልኩ ይህን ሥራ መሥራት የቻለው በቀላሉ አልነበረም። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ለፊደሎቻችን የየራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ አንዱ የላከው ጽሑፍ ሌላው ዘንድ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒውተሮች በሚጋሩት ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ችግሩ ከመሠረቱ የሚፈታበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬ ባሕር ዳር የተጻፈ አንቀጽ ዱባይ ላለች እህት ስልክ ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚያ ምክንያት ነው።

በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ደራሲያን ሙያውን ቀድመው አዳብረውታል። አማዞን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ ሲያወጣ፣ ማንም ደራሲ መጽሐፉን ራሱ ጭኖ የሚሸጥበትን በርም አብሮ ከፈተ። በኋላ በወጣው አከፋፈል፣ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር የሆነ ኢ-መጽሐፍ በዋና ዋና ገበያዎች ለደራሲው እስከ 70 በመቶ ያስገኝለታል፤ ከዚያ በታች ወይም በላይ ከሆነ ድርሻው 35 በመቶ ነው። ወረቀት የለም፣ ካርቶን የለም፣ ዱቤም የለም። በሩ ለሁሉም በመከፈቱ ግን ገበያው ተጥለቀለቀ፣ አዲሱም ጥያቄ በዚህ ሁሉ መጽሐፍ መካከል እንዴት መታየት ይቻላል የሚለው ሆነ።

የአንዲ ዊር ታሪክ አንዱን መልስ ያሳያል። ይህ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ጠፈርተኛ የጻፈውን "ዘ ማርሺያን" እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በገዛ ድረ ገጹ በየምዕራፉ በነፃ ያወጣው ነበር። ሳይንስ የሚያውቁ አንባቢዎቹ ስሌቱን እየመረመሩ ስህተቱን ይነግሩታል፣ እሱም ያርማል። ኪንድል ላይ እንዲያወጣላቸው የጠየቁትም እነሱ ናቸው። በ2011 በ99 ሳንቲም፣ ማለትም በሚፈቀደው ዝቅተኛ ዋጋ አወጣው፤ በሦስት ወር ውስጥ 35,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ። በ2014 ትልቅ አሳታሚ በወረቀት አተመው፣ በ2015 ፊልም ሆነ። ዊር አንባቢዎቹን ያፈራው መጽሐፉን እየጻፈ ነው። ሲጨርስ ሰዎቹ አጠገቡ ነበሩ።

የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው፤ አንባቢ የሚሰበሰበው ከኅትመት በፊት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ የሚሰበሰብበትን ቦታ ይመለከታል። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ለተከታዮች ሁሉ አይደርስም። የድርጅቱ ቀመር ለጥቂቶች ያሳይና እንደ ምላሻቸው ያሰፋዋል ወይም ይቀብረዋል። ስለዚህ የውጭ ደራሲያን አንባቢዎቻቸውን በኢሜይል ዝርዝር ይሰበስባሉ። ዝርዝሩ የደራሲው ነው፣ የላከው መልእክትም በቀጥታ ወደ አንባቢው ሳጥን ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ኢሜይል የቢሮ ነገር ነው፤ ለጨዋታና ለንባብ የሚከፍተው ጥቂት ሰው ነው። ቦታውን የወሰደው ቴሌግራም ነው። ቻናል ላይ የወጣ ጽሑፍ በተከታዩ ሁሉ ስልክ ላይ ይገባል፣ ከሥሩ ያለችው የዓይን ምልክትም ስንት ጊዜ እንደታየ ትቆጥራለች። ደራሲው በሳምንት አንድ ቅንጫቢ ይለጥፋል፣ ሁለት የሽፋን ሥራዎች አቅርቦ ያስመርጣል፣ አንዳንዱም አንድ ምዕራፍ በድምፁ ያነባል። መጽሐፉ ሲወጣ "በውስጥ መስመር ያናግሩኝ" ይላል። ገዢው በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍሎ የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልካል፣ መጽሐፉም በስሙ ተፈርሞ በመልእክተኛ ወይም ከመነኸሪያ በሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ይሄድለታል። ውጭ ሀገር ያለው አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ በርበሬና ሽሮ ከጫነበት ሻንጣ ጎን ሁለት መጽሐፍ ይከትለታል።

እስካሁን የተናገርኩት አንድ ሰው ለራሱ የሚሠራውን ነው። ሙያው ግን ለብቻ አይዘለቅም። ሁለት መቶ ተከታይ ያላት ደራሲ ሁለት መቶ ከሌላ፣ ሦስት መቶ ከሌላ ካላገኘች ካርቶኑ ከግድግዳው አይነሳም። እዚህ ላይ የገበሬው ባህል ትክክለኛውን ቃል ይሰጠናል። ደቦ የሚጠራው ሰው ድግስ ይደግሳል፤ የመጣው ሁሉ ሠርቶ፣ በልቶና ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል። ወንፈል ግን ተራ አለው። ዛሬ ያንተን ካረምን ነገ የእኔን እናርማለን፣ የቀረ ሰው ዕዳ አለበት። በስልክ ላይ ያሉት ደራሲያን የሚረዳዱት እንደ ወንፈል ነው።

የመጀመሪያው ወንፈል ረቂቅ ማንበብ ነው። አርታኢ ለመቅጠር አቅም የሌለው ደራሲ ረቂቁን ለሁለት ሦስት ጓደኞቹ ይልካል። እነሱ የት እንደሰለቻቸው፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ስሙ መሐል ላይ እንደተለወጠ፣ "ሀ" እና "ኀ" የት እንደተምታቱ ይነግሩታል። በተራቸው ሲልኩለት እሱም ያነብላቸዋል። ይህ በአደባባይ የማይታየው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ይጠቅማልም።

ሁለተኛው የቻናል ልውውጥ ነው። የውጭዎቹ በየደብዳቤያቸው አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ያስተዋውቃል፤ የእኛዎቹም ሐሙስ የአንተን ቅንጫቢ እለጥፋለሁ፣ ማክሰኞ የእኔን ትለጥፋለህ ይባባላሉ። ይህ የሚሠራው መጻሕፍቱ ሲመሳሰሉ ነው። የግጥም ቻናል ላይ የወጣ የወንጀል ልብ ወለድ ዓይን ያገኛል እንጂ ገዢ አያገኝም። ሦስተኛው ምርቃት ነው። መድረክ መምራት፣ ዳሰሳ ማቅረብ፣ ግጥም ማንበብ፣ ላይቭ ማስተላለፍና በር ላይ ቆሞ መጽሐፍ መሸጥ ሁሉ በባልንጀሮች ጉልበት ይሠራል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ያለውን የምስጋና ገጽ በጥሞና ያነበበ ሰው ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ ይገባዋል።

ቀጥሎ የምናገረው ብዙ የሚያሳስበኝን ነው። ጉልበት በወንፈል ይሰጣል፤ ምስክርነት ግን በወንፈል አይሰጥም። ረቂቅህን አንብቤልህ ረቂቄን ብታነብልኝ የተጎዳ የለም። "ድንቅ መጽሐፍ ነው" ብዬልህ አንተም ሳታነብ "ድንቅ ነው" ብትለኝ ግን ሁለታችንም ያተረፍነው ሦስተኛውን ሰው፣ አንባቢውን፣ አታለን ነው። አማዞን ደራሲያን አስተያየት ለአስተያየት እንዲለዋወጡ አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2015 አስተያየት በገንዘብ እንጽፋለን ብለው ያስተዋወቁ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችንም ከሷል። አሜሪካዊው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ሚሊዮን የኪንድል መጽሐፍ በመሸጥ በራሳቸው ከሚያሳትሙት ደራሲያን የመጀመሪያው ሆኖ ነበር። በዓመቱ ኒው ዮርክ ታይምስ ሎክ ሦስት መቶ አስተያየት በገንዘብ ገዝቶ እንደነበር ሲጽፍ ስኬቱን ያደነቁ ብዙዎች አዘኑበት። አንባቢዎቹ ከልብ የጻፉለትም በዚያ ጥላ ሥር ወደቁ።

እኛ ዘንድ በገንዘብ ከሚሠራው ይልቅ በይሉኝታ የሚሠራው ይበዛል። በጀርባ ሽፋን ላይ የታላላቅ ሰዎችን አስተያየት ማተም የቆየ ልማዳችን ነው። አሁን ያ ልማድ ወደ ስልኩ ተሻግሮ ሁሉም ለሁሉም "ዕጹብ ድንቅ" የሚጻጻፍበት ቀን በዝቷል። ጓደኛህን ላለማስቀየም ያላነበብከውን ታደንቃለህ። አንባቢው በዚያ ቃል ተማምኖ ይገዛል፣ ያዝናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውን አድናቆትም አያምንም። መጨረሻ ላይ የሚጎዳው በእውነት ድንቅ መጽሐፍ የጻፈው ደራሲ ነው፤ የሚገልጸው ቃል ቀድሞ አልቆበታልና።

ደራሲያን አንዱ የሌላውን መብት የሚጠብቅበት ሌላም ቦታ አለ። መጽሐፍ በወጣ በቀናት ውስጥ አንድ ሰው ገጹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ አድርጎ ይበትነዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ መብቱ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ብቻውን የቆመ ደራሲ እያንዳንዱን ቻናል ማሳደድ አይችልም። እዚህም የሚሠራው ወንፈል ነው። የሰው መጽሐፍ ሲሰረቅ ያየ ደራሲ ለባለቤቱ ይነግራል፣ ለቴሌግራም ያመለክታል፣ የራሱንም ተከታዮች ይመክራል። ማንም ደራሲ የባልንጀራውን ፒዲኤፍ ቻናሉ ላይ አያሳልፍ። ይህን የማይጠብቅ ሰው ነገ የራሱ ሲበተን ማንን ይጠራል?

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት "እንኳን ደስ አለሽ" የሚል መልእክት ጎረፈላት፣ የተሸጠው ግን መቶ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ብዙ ተከታይ ያላት አንዲት ታላቅ ደራሲ መጽሐፉን አንብባ ስትጨርስ ያመነችበትን ጻፈች። መጨረሻው መቸኮሉን፣ የአባትየው ጠባይ አለመጥራቱን አልደበቀችም። ቀጥላ ግን ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ስላሉት እናትና ልጅ ጻፈች፤ ተኳርፈው ከርመው አንድ ሰፌድ ምስር መሐላቸው አድርገው ሲለቅሙ፣ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ስለሚታረቁት። ጓደኛዬ የነቀፌታውን ክፍል አንብባ አለቀሰች። በማግስቱ ከደሴ በውስጥ መስመር አንድ መልእክት መጣላት፤ "ያንን የምስሩን መጽሐፍ እንዴት ላግኘው?" ይላል። በዚያ ሳምንት የምስሩን መጽሐፍ ብለው የጠየቁት ብዙ ነበሩ። ነቀፌታውን ያነበቡ ሰዎች አድናቆቱንም አመኑት።

ባለፈው ወር ቤቷ ሄጄ ነበር። ከግድግዳው ሥር ሁለት ካርቶን ብቻ ቀርቷል። አንዱን ጠረጴዛ አድርጋ፣ በላዩ የሌላ ወጣት ደራሲ ረቂቅ ዘርግታ፣ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ኅዳጉ ላይ አጮልቄ አየሁ፤ "እዚህ ጋ አላመንኩህም። ድገመው" ይላል። ቡና አቅርባልኝ ወደ ረቂቁ ተመለሰች። ተራዋ ነበር።