ከልጆቻችን ጋር ምን እንይ?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ፣ ከመግሪብ በኋላ ብርዱ ሲጠና ቤተሰቡ እሳት ዳር ተሰብስቦ የአያት ተረት ይሰማ ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ዓይን ሁሉ ወደዚያው ነው። ታዲያ ምን እናሳያቸው?

«ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የአገራችን ተከታታይ የካርቱን ፊልም አንድ መልስ ይመስለናል። ያዘጋጀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ እነ ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ በ2006 እ.ኤ.አ. «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለሕፃናት ያቀረቡበት ድርጅት ነው። ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የተባሉት ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል አላቸው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ይታገሉበታል።

«ይህ ሲሕር አይደለምን?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛስ ጅብና ጦጣ ሲነጋገሩ እየሰማን አላደግንምን? ልጅ ተረቱን ከእውነቱ የሚለየው አብሮት የሚያይ ትልቅ ሰው ሲኖር ነው። ኃይል ሁሉ የአላህ መሆኑን እዚያው ሳሉ መንገር አይከብድም።

ስለ ወር አበባ የሚያወሳውን ክፍል እናትና ልጅ ለብቻቸው ቢያዩት ይሻላል። የጋብቻው ጉዳይ ሲነሣ ግን አባትም ይቀመጥ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ በኒካሕም የልጅቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ፊልሙ አልቆ ሴት ልጅዎ ዝም ካለች፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይበሏት።