ከ«አሪፍ ነው» በኋላ ምን እንበል?
ስለ ፊልምና ስለ ተመልካቹ ስሜት

ፊልም አይቶ የጨረሰን ሰው «እንዴት ነበር?» ብለን ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ ከሁለት ቃል አይበልጥም። ተማሪው «አሪፍ ነው» ይላል። እናት «ያሳዝናል» ትላለች። አባት ደግሞ «ደህና ነው፣ ግን ረዘመ» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እነዚህ ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ስቀዋል፣ ፈርተዋል፣ እንባቸውንም በነጠላ ጫፍ ጠርገዋል። ስሜቱ አለ፤ የቸገራቸው መናገሪያው ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ተራ ተመልካች ፊልም አይቶ የሚሰማው ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን ከሰው ሰው እንደሚለያይና እንዴት ለሌላ ሰው ሊነገር እንደሚችል በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ስሜቱ ከየት ይመጣል?

የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ባለሙያና መምህር አንድ ሙከራ አደረገ። የአንድ ተዋናይ ፊት የሚታይበትን ቁራጭ ፊልም ወስዶ ከሦስት የተለያዩ ምስሎች ጋር ቀጣጠለው፤ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንዲት ሴት ጋር። ተመልካቾቹ ተዋናዩ ሾርባውን ሲያይ መራቡ፣ ሣጥኑን ሲያይ ማዘኑ፣ ሴትዮዋን ሲያይ መውደዱ ፊቱ ላይ ይነበባል ብለው ችሎታውን እንዳደነቁ ይነገራል። ፊቱ ግን በሦስቱም ላይ ያው አንድ ቁራጭ ነበር። ረሃቡን፣ ሐዘኑንና ፍቅሩን የጨመሩበት ተመልካቾቹ ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው የፊልም ስሜት ሁለት ምንጭ እንዳለው ነው። አንዱ ፊልም ሠሪው ያዘጋጀልን ነገር ሲሆን ሌላው እኛ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነው።

የመጀመሪያውን በግልጽ ለማየት ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራውን «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» የተባለ ፊልም እንመልከት። ዓሊ የተባለ ልጅ የታናሽ እህቱን የዛህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ ለመግዛት አቅም እንደሌለው ልጆቹ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነገሩን ደብቀው በዓሊ ጫማ በየተራ ይማራሉ። እሷ ጠዋት ተምራ እየሮጠች ትመለስና ጫማውን ታቀብለዋለች፤ እሱ ደግሞ ለከሰዓቱ ትምህርት እንዳይረፍድበት ይሮጣል። በኋላ የሩጫ ውድድር ይመጣል። ሦስተኛ ለሚወጣው ልጅ የተዘጋጀው ሽልማት ጫማ ነው።

በሌላ የሩጫ ፊልም ሁላችንም «ቅደም! ቅደም!» ብለን እንጮኻለን። እዚህ ግን ልጁ ሦስተኛ እንዲሆን ነው የምንመኘው፤ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ አልፎ አንደኛ እንዳይወጣ እንጨነቃለን። ለምን? ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ የዛህራን እግር፣ የተጣደፉትን ልጆች፣ ጠባቧን ቤት እያሳየ ከዋንጫ ይልቅ ጫማ እንድንፈልግ አድርጎናል። ይህ የፊልም ሠሪው ሥራ ነው። በወንድሙ ወይም በእህቱ ጫማ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ግን በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። መጨረሻውን ላላዩት እንተወው።

አንድ ፊልም፣ ሦስት ተመልካች

ሁለተኛውን ምንጭ ለማየት ወደ አገራችን ፊልም እንምጣ። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ በካን የፊልም ፌስቲቫል ቀርቧል፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ለመግባትም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ኤፍሬም የተባለ ልጅ እናቱ በድርቅ ዘመን ትሞትበታለች። አባቱ ከደጋ አገር ዘመዶቻቸው ዘንድ ወስዶ ያስቀምጠውና እሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ቹኒ የምትባል በግ አለችው። አጎቱ ግን በጓ ለመጪው በዓል እንድትታረድ ይወስናል። ኤፍሬም ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ጓዳ መዋሉ ያናድደዋል። ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ወስዶ በመሸጥ የመሳፈሪያ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል።

ይህን ፊልም አንድ ቤተሰብ አብሮ ቢያየው ምን ይሆናል? ትንሹ ልጅ የሚያየው በጓን ነው። በዓሉ ስንት ቀን እንደቀረው ይቆጥራል፤ ትድን ይሆን አትድን ይሆን ብሎ ይጨነቃል። እናት የምታየው ጓዳውን ነው። ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲከትፍ መጀመሪያ ትስቃለች፤ አጎቱ ሲቆጣው ግን ሳቋ ይቆምና «እኔስ ልጄን ስንቴ ከወጥ ቤት አስወጥቼዋለሁ?» ብላ ታስብ ይሆናል። አባት ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው ሌሎቹ ፈጥነው በሚያልፉት ትዕይንት ላይ ሊሆን ይችላል፤ የኤፍሬም አባት ልጁን ዘመድ ቤት ትቶ መንገድ በሚጀምርበት ላይ። ለእንጀራ ብሎ አገሩን ለቆ በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በጅቡቲ ለሚኖር ሰው ያ ትዕይንት ተራ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ልጅ ትቶ የወጣ አለ። ዘመድ ቤት ተትቶ ያደገም አለ።

ታዲያ ከሦስቱ ፊልሙን በትክክል ያየው ማነው? ሦስቱም አይተውታል። በጓም፣ ጓዳውም፣ የአባትየው መንገድም ፊልሙ ውስጥ አሉ። እያንዳንዱ የያዘው አንድ ጫፍ ነው። ሦስቱ ሲነጋገሩ ግን አንድ ሰው ብቻውን ካየው የበለጠ ፊልም ያያሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። ስሜት ይለያያል ማለት ያልታየውን ሁሉ መናገር ይቻላል ማለት አይደለም። «ፊልሙ ስለ እንዲህ ነው» የሚል ሰው «የቱ ጋ?» ተብሎ ሲጠየቅ ትዕይንቱን ማሳየት መቻል አለበት።

የተራ ተመልካች ድምፅ ይሰማል

አንዳንዶች ስለ ፊልም መናገር የባለሙያ ሥራ ይመስላቸዋል። በአካባቢያችን ያለው ልማድ ግን ሌላ ያሳያል። በኡጋንዳ የቪዲዮ ቤቶች «ቪጄ» የሚባሉ ሰዎች የውጭውን ፊልም በሉጋንዳ እየተረጎሙ፣ እየቀለዱ፣ በተዋናዩ ላይ እየፈረዱ ከሕዝቡ ጋር ያዩታል። በካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር በጥቂት ገንዘብ የተሠራው «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» የተባለው የ2010 ፊልም ዝነኛ የሆነው ከእነዚህ ቪጄዎች የአንዱ ጩኸትና ቀልድ ታክሎበት ነው። በኬንያም ዲጄ አፍሮ በስዋሂሊና በሼንግ በሚተርካቸው ፊልሞች ይታወቃል። የእኛ ወላጆችም ቢሆኑ የሕንድ ፊልም ቋንቋውን አንድ ቃል ሳያውቁ አይተው አልቅሰዋል፤ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረውም «ከኋላህ ነው!» እያሉ ለተዋናዩ ጮኸዋል።

በትልልቅ ፌስቲቫሎችም ቢሆን ከዳኞች ሽልማት ሌላ ተመልካቾች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የሚያበረክቱት ሽልማት አለ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመን ደግሞ በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ስለተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅና ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ ስለቆመችላት ጠበቃ ይናገራል፤ መሠረቱም እውነተኛ ታሪክ ነው።

ርእሱን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ሁለት ነገር ይሰማል። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ድፍረት ደግሞ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍም ነው። በትርጉም ጽሑፍ የሚከታተለው የውጭ አገር ተመልካች ይህን ላያገኘው ይችላል፤ እኛ ግን ፊልሙ ሳይጀምር ልባችን ይከብዳል። ቋንቋም ከቤት ይዘነው ከምንመጣው ነገር አንዱ ነው።

ዝምታም መልስ ነው

አንዳንድ ጊዜ ተመልካቹ ምንም አይናገርም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለ በጀርመን ሕክምና የተማረ ሰው በደርግ ዘመን ያየውን ሁሉ አይቶ፣ አካሉም መንፈሱም ተጎድቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይወሰዱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

ከአገር ውጭ የተወለደ ተማሪ ይህን ሲያይ «ለምን ይደበቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። አጠገቡ የተቀመጠው አባት ግን ዝም ሊል ይችላል። እሱ «አፈሳ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ አይደለም የተማረው፤ ከገበያ ሳይመለስ የቀረ ወንድም ወይም ጓደኛ ይኖረው ይሆናል። በብዙ ቤቶች እንዲህ ያለው ታሪክ ለልጆች አይነገርም፤ አንዳንዱ ስለሚያም፣ አንዳንዱ ከየት እንደሚጀመር ስለማይታወቅ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ለመጀመር የሚያስችል አንድ ትዕይንት በሁለቱም ፊት አለ። ልጁ «አባዬ፣ አንተም ይህን ታውቀዋለህ?» ብሎ በእርጋታ ቢጠይቅ ለዓመታት ያልተነገረ ነገር ሊነገረው ይችላል። ባይነገረውም አያስገድድ፤ ጥያቄው መጠየቁ አይረሳም። «ድፍረት»ና «ጤዛ» ከባድ ትዕይንቶች ስላሏቸው የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከወላጅ ጋር ሆነው ቢያዩአቸው ይመረጣል።

ታዲያ እንዴት እንናገር?

በመጀመሪያ ትዕይንቱን እንያዝ። «ፊልሙ ያሳዝናል» ከማለት «ልጁ በጓን አቅፎ ሲተኛ» ማለት ይሻላል። ሰሚው ወዲያው ከእኛ ጋር ያየዋል።

ቀጥሎ ስሜቱን በስሙ እንጥራው። አማርኛችን በዚህ አልደኸየም። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላኝ፣ ሰቀጠጠኝ፣ ቆጨኝ፣ አፈርኩ፣ ናፈቀኝ፣ ከፋኝ እንላለን፤ እያንዳንዱ የተለየ ነገር ነው። አንጀቱን የበላው ሰው ለሌላ አዝኗል። የቆጨው ሰው ያመለጠውን የራሱን ነገር አስታውሷል። ሁሉንም «ያሳዝናል» ስንለው ልዩነቱ ይጠፋል።

በሦስተኛ ደረጃ ምክንያቱን እንፈልግ። ከፊልሙ ነው የመጣው? ሙዚቃው ቆሞ ጸጥታ ስለሆነ ነው? ካሜራው ፊቷ ላይ ስለቆየ ነው? ወይስ ከራሳችን ሕይወት የመጣ ነው? ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለይቶ መናገር ግን ሐሳባችንን ያጠራዋል።

በመጨረሻም ለሌላው ሰው ቦታ እንተው። ላላየ ሰው መጨረሻውን አንናገር። ላየ ሰው ደግሞ «አንቺስ የቱ ጋ ነካሽ?» ብለን እንጠይቅ። ወላጆችም «ይሄ ደግሞ ምን ፊልም ነው!» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ልጃችን ምን እንደወደደበት ብንሰማ እናተርፋለን።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት አጭር መልሶችን እናስተያይ። የመጀመሪያው፦ «ላምብ አሪፍ ፊልም ነው። በጓ ታሳዝናለች።» ሁለተኛው፦ «ኤፍሬም ሳምቡሳውን ይዞ ገበያ ሲቆም ሆዴ ባባ። ማንም አልመታውም፣ አልሰደበውም፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻውን ነበር። እኔም ወደዚህ ከተማ መጥቼ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት እንደዚያ ነበርኩ።» ሁለተኛውን የጻፈ ተማሪ ከባድ ቃል አልተጠቀመም። አንድ ትዕይንት፣ አንድ ስሜት፣ አንድ ምክንያት ብቻ ነው የተናገረው። አንብቦት የጨረሰ ሰው ግን ፊልሙንም ልጁንም በጥቂቱ አውቋል።

በመጪው የዕረፍት ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ፊልም መርጦ አብሮ ቢያይ መልካም ነው። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ይጥፋና ቡናው ይፈላ። ከትንሹ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው አንድ ትዕይንት ጠርቶ ምን እንደተሰማውና ለምን እንደሆነ ይናገር። አያትም ካሉ አይዘለሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያላየነውን ያዩት እሳቸው ናቸው።