ጉልበተኛው ኮምፒውተር ለምን ያነክሳል?

ከጉደር የመጣው ልጅ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎት ነው አምቦ እኔ ዘንድ የደረሰው። አጎቱ ከሚኒሶታ በሻንጣ ያመጣለት ነው። ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ በሰማያዊ መብራት ያሸበረቀ፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060። ከእኔ ስክሪን ጋር አገናኘነውና ጂቲኤ 5ን ከፈተልኝ። መኪናው ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር 41 ይላል፣ 38 ይላል፣ ድንገት 19 ይወርድና ይመለሳል። ጨዋታው ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ለዚህ ካርድ ሸክም ሊሆን አይገባም።

«ጋሼ፣ ካርዱን ሸጬ ትንሽ ልጨምርበትና የተሻለ ልግዛ?» አለኝ።

እንዳትሸጠው አልኩት። ይህንኑ ጥያቄ ከጊንጪም ከጌዶም ከመጡ ልጆች ሰምቼዋለሁ፤ አንዳንዶቹ የሚጠይቁኝ ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ነው። ያ ከልቤ ያሳዝነኛል። ቤተሰብ ስንት ወጪ ያወጣበት ዕቃ ያለ ጥፋቱ ይሸጣል፤ አዲሱም ሲገጠም እንደ ቀድሞው ያነክሳል።

ጥግ ላይ ያየነው ቁጥር በሰከንድ የሚወጣው የፍሬም ቁጥር ነው። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ሁሉ በፍጥነት የሚለዋወጥ የቆመ ሥዕል ነው፤ አንዱ ሥዕል አንድ ፍሬም ይባላል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ሥዕል ይበቃዋል፤ አስቀድሞ ተቀርጾ ያለቀ ነውና። ጨዋታ ግን ተጫዋቹ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሥዕሉን እዚያው በዚያው መሥራት አለበት። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማውጣት ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 144 ከተፈለገ ወደ 7 ሚሊሰከንድ ይጠብባል። በተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን አንዱ ሥዕል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። አርቲኤክስ 3060 ይህን ሥራ ለ3,584 ትንንሽ ማስሊያዎች አከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ያሠራዋል። ስንት ዓመት ስነካካው ኖሬ ይህ ነገር አሁንም ይደንቀኛል። አማካይ ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም፤ 59ኙ ሥዕል ፈጥኖ መጥቶ አንዱ ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ ቁጥሩ ያው 60 ነው፣ ዓይን የሚያየው ግን መሰናከሉን ነው።

አምቦ ላይ በአፋን ኦሮሞም አወራን በአማርኛ፣ ጨዋታ ሲያነክስ «ላግ አደረገ» ነው የምንለው። ቃሉ ግን ሁለት በሽታ ደርቦ ይዟል። አንዱ የኔትወርክ ነው። ኦንላይን ስንጫወት ትእዛዛችን ዱባይ፣ አውሮፓ ወይም ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰርቨር ደርሶ መመለስ አለበት፤ የሚፈጀው ጊዜ ፒንግ ይባላል። ፒንግ ሲከፋ የተኮስንበት ሰው ሳይወድቅ ይቆያል፣ ሯጩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካሜራውን ስናዞር ግን ሥዕሉ ለስላሳ ነው። ሌላው የፍሬም ነው፤ ፍሬም ሲወርድ ብቻችንን ብንጫወትም ካሜራው ራሱ ይቆራረጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ዋይፋዩን አጥፍቶ መሞከር ነው። የልጁ ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔትም አነከሰ።

ቀጥሎ ኬብሉን አየሁ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የስክሪን መሰኪያ ሁለት ቦታ ይገኛል፤ አንዱ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ግራፊክስ ካርዱ ላይ። ኬብሉ ከላይኛው ከተሰካ ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን የምትሠራው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው አነስተኛ ግራፊክስ ናት፤ ያ ሁሉ ዋጋ የወጣበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስሕተቱ በጣም የተለመደ ነው፣ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም። የልጁ ኬብል በትክክለኛው ቦታ ነበር።

የአንድ ሥዕል ሥራ በሁለት እጅ ያልፋል። ፕሮሰሰሩ መኪናው የት እንደደረሰ፣ ማን ከማን እንደተጋጨ አስልቶ «ይህን ሣል» ብሎ ያዛል፤ ካርዱ ይስላል። በመኸር ጊዜ ከአጫጅ ኋላ ነዶ አሳሪ እንደሚከተለው ነው። አጫጁ አንድ፣ አሳሪው አሥር ቢሆን ዘጠኙ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ፤ አሥራ አንደኛ አሳሪ ቢጨመር ማሳው ቶሎ አያልቅም። ከሁለቱ የዘገየው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ዘዴ አለ፤ ከማውቃቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የጨዋታውን ሬዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ማውረድ ነው። ካርዱ የሚስለው ነጥብ ከግማሽ በታች ይሆናል። ፍሬሙ ወዲያው ከጨመረ ሸክሙ የነበረው ካርዱ ላይ ነው። ካልጨመረ ካርዱ ንጹሕ ነው፣ ያዘገየው ሌላ ነው።

የልጁ ኮምፒውተር ላይ 41 የነበረው 43 ሆነ። ልጁ ቁጥሩን አየና ዝም አለ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከ4 ጊጋኸርትዝ በላይ መሮጥ የሚችለው ፕሮሰሰር ጨዋታው በተከፈተ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 1.5 ሲወርድ አየን። ሙቀቱን ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስንለካ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እዚህ ሙቀት ሲደርሱ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዓይነቶች ደግሞ 95 አካባቢ፣ ላለመቃጠል ሲሉ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ይህ ራሳቸውን የሚያድኑበት መንገድ ነው። ተጫዋቹ ግን የሚያየው ጨዋታው ሲጎተት ብቻ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚጠረጥረው ካርዱን ነው።

የኬዙን ጎን ስንከፍት ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ማቀዝቀዣ የሚያዘው በአራት የፕላስቲክ እግር ነው፤ ሁለቱ ተነቅለዋል። በሻንጣ ተገላብጦ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ115 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና እየተናወጠ የመጣ ብረት ነው። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ከተፈጠረች ሙቀቱ መሻገሪያ ያጣል። ሙቀት የሚያሻግረውን፣ አሁን የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርገን፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ጠብ አድርገን፣ አራቱን እግሮች በሰያፍ ተራ በተራ ጠቅ እስኪሉ ድረስ ተጫንናቸው። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ኮምፒውተር ሳይከፈትና ውስጡ ሳይታይ መብራት ላይ መሰካት የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሳን ስለ አገራችን አየር መናገር እፈልጋለሁ፤ ከውጭ የሚመጡት መመሪያዎች ይህን አይነግሩንም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ነው፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የሰርቨር አምራቾች ይህን አውቀው ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሌላ አገር 70 ዲግሪ የሚያሳይ ማሽን እኛ ዘንድ ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከአዲስ አበባ በአምቦ አድርጎ በሚያልፈው መንገድ ላይ ሆለታ 2,400፣ ባኮ ደግሞ 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ሆለታ አየሩ ቢሳሳም ብርዱ ይክሰዋል። ባኮ አየሩ ወፈር ይላል፤ ግን በየካቲት ቀትር ላይ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር የሚስበው አየር ራሱ ትኩስ ነው።

አቧራው ሌላ ነው። ጤፍ በሚወቃበት ወራት የእብቁ ብናኝ በነፋስ ተነሥቶ በመስኮት ይገባል፤ ከመንገዱ አቧራ ጋር ተደባልቆ የማቀዝቀዣውን ክንፎች መካከል እንደ ጥጥ ይደፍነዋል። ከታኅሣሥ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ በብሎወር መንፋት ይበቃል። ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

ማቀዝቀዣው ሲስተካከል ፍሬሙ 80 አካባቢ ደረሰ። ልጁ ጋቢውን አንሥቶ ሊጠቀልለው ተነሣ፤ ራሙን ሳላይ አልለቅህም አልኩት። ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። በብዙዎቹ ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርዶች ሁለት ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በ2ኛውና በ4ኛው ነው፤ ያኔ ሁለቱ በሁለት መንገድ ይሠራሉ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። በዚያ ላይ 3200 ተብሎ የተሸጠው ራም 2133 ላይ ነው የሚሮጠው። የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ወደሆነው ባዮስ ገብተው ኤክስኤምፒ የሚባለውን ካልከፈቱለት ከገዙት ፍጥነት በታች ዕድሜ ልኩን ይኖራል፤ የሚያስታውስ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ሁለቱን ስናስተካክል ቁጥሩ ከ100 አለፈ።

ከካርዱ ቀጥሎ ሰው ቶሎ የሚወቅሰው መብራቱን ነው። እውነት ነው፣ ማታ ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይደበዝዛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ከ500 ዋት ብዙም አያልፍም። ነገር ግን ብዙዎቹ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። 220 የነበረው 180 ቢሆን ከመስመሩ የሚስቡትን ከረንት ጨምረው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ከአቅማቸው በታች ሲሆን ኮምፒውተሩ ይጠፋል እንጂ ፍሬም አይቀንስም። ስታብላይዘር ለዕቃው ዕድሜ ደግ ነው፤ ለፍሬም ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ፓወር ሰፕላዩ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ መኖሩን ሳያይ እንዳይሰካ አደራ እላለሁ፤ 115 ላይ እንዳለ የኛን መብራት ካገኘ ይቃጠላል።

ላፕቶፕ ላይ ግን መብራቱ በእርግጥ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ባትሪው የግራፊክስ ካርዱን ሙሉ ጉልበት ሊመግብ ስለማይችል፣ ቻርጀሩ በተቋረጠ ቅጽበት ላፕቶፑ ራሱን ይቆጥባል፤ አንዳንዱ ፍሬሙን 30 ላይ ያስረዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ፍሬሙም አብሮት ይወርዳል፣ ይወጣል። ከዋናው ቻርጀር ይልቅ ዋቱ ያነሰ ተገዝቶ ከሆነም ያው ነው።

ወደ ጥገና ቤት ስንሄድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። በዚህ አልስማማም። የተነቀለ ማቀዝቀዣ በፎርማት አይገጠምም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ግን በፎርማት ያጣ ተማሪ አውቃለሁ፣ ላፕቶፑም አልፈጠነም። ዊንዶውስ ከጀርባ አፕዴት እያወረደ ከሆነ ያን ማስቆም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ አሮጌ ከሆነ ማደስ በቂ ነው። ድራይቨሩ ከ500 ሜጋባይት ስለሚበልጥ በሞባይል ዳታ ማውረድ ይከብዳል፤ አንዱ ጓደኛ አውርዶ በፍላሽ ማዳረስ የኛ ልማድ ነው፣ ጥሩ ልማድ ነው።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በብዛት ለሽያጭ ወጡ። ቺፑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ፋኑ ግን ብዙ ጊዜ አልቋል። ከዚህ የከፋው የሐሰተኛው ካርድ ነገር ነው። የጥንት ቺፕ ሶፍትዌሩ ተለውጦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ይደረጋል፤ ዊንዶውስም ያምነዋል። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ በፍላሽ ይዞ ሄዶ፣ ሻጩ ፊት ከፍቶ ማየት ነው።

በሳምንቱ ልጁ ከጉደር በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ቁጥሩ 60 ላይ ተተክሏል፣ ንቅንቅ አይልም። «ጋሼ፣ ደግሞ ተበላሸ መሰለኝ፤ ስክሪኔ 144 ነው» ይላል። የተበላሸ ነገር ቁጥሩ ይዋልላል እንጂ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም። 60 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ፍሬም የታሰረ ፍሬም ነው። ጨዋታው ውስጥ ቪሲንክ ተከፍቶ ፍሬሙ ስክሪኑን እንዲጠብቅ ታዟል፤ ስክሪኑ ደግሞ 144 መቻሉን ዊንዶውስ አልተጠቀመበትም። ደወልኩለትና ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ እያልኩ አስገባሁት። 60 የሚለውን ወደ 144 ለወጠው።

ከአፍታ በኋላ ሌላ ፎቶ መጣ፤ 118 ይላል። ከሥሩ የጻፈው በአፋን ኦሮሞ አንድ የምስጋና ቃል ብቻ ነው፦ «ገለቶማ»።