ታሪፉ አይወርድም፤ ክርክሩ ግን አለ

ሰበታ ገበያ ዶሮ ለመግዛት ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው የቴሌ ሱቅ ሲገባ ዝም ብሎ የተባለውን ይከፍላል። ዝምታው ምክንያት አለው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ የጥቅል ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የላትም፤ ሱሉልታ የሚሸጠው የወር ጥቅል ቡራዩም ጅማም ዋጋው ያው ነው። ይህ ሲባል ግን ስልክና ኔትወርክ ስንገዛ የምንከራከርበት ነገር የለም ማለት አይደለም። የክርክሩ ቦታ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ያንን ቦታ ባለማወቁ ነው።

ለንደን ዘመድ ያለው ሰው «ኮንትራቴ ሊያልቅ ሲል ደውዬ አስቀነስኩ» የሚል ወሬ ሰምቶ ይሆናል። እዚያ ስልኩና አገልግሎቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ውል ተያይዘው ይሸጣሉ፤ ደንበኛው ሁለት ዓመት ገደማ በየወሩ ይከፍላል። ውሉ ሊያበቃ ሲቃረብ «ሌላ ኩባንያ ልሄድ ነው» ብሎ ይደውላል። ኩባንያውም ደንበኛ እንዳያመልጠው የመደባቸው ሠራተኞች አሉት፤ እነሱ ከተለጠፈው ዋጋ ዝቅ ያለ ማቅረብ ይችላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ አንድ የጽሑፍ መልእክት በመላክ ብቻ ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መዛወር ተችሏል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ኩባንያዎቹ ውሉ ሊያልቅ መሆኑንና ያላቸውን የተሻለ ዋጋ ለደንበኛው አስቀድመው እንዲነግሩ ተገደዋል። የዚያ ደንበኛ ጉልበት አንደበቱ አይደለም፤ ትቶ መሄድ መቻሉ ነው።

እኛ ዘንድ መሄጃ የተገኘው ገና በቅርቡ ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ከገባ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሻጩ አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ነበር። ዋጋ የሚቀንሰውም እሱ ሲወስን ነበር፤ ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ሲቀንስ ተፎካካሪ አልነበረውም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2013 ሁለተኛው ፈቃድ ሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት ተሰጠ። ሳፋሪኮም ነሐሴ 23 ቀን 2014 ድሬዳዋ ላይ ሥራ ጀመረ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከ09 ሌላ 07 የሚባል ቁጥር የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ የሰበታው ነዋሪ መሄጃ አለው፤ ያውም ጠቅልሎ ሳይሄድ። በየሱቁ የሚሸጡት ስማርት ስልኮች አብዛኞቹ ሁለት ሲም ይይዛሉ። ዘመድ፣ አሠሪና ባንክ የሚያውቁት የ09 ቁጥር ባለበት ይቀመጣል፤ ኢንተርኔቱ ግን በዚያ ወር ካዋጣው ሲም ይገዛል። ስልኩ ውስጥ የሲም ማስተካከያው ጋ ተገብቶ ዳታው ከየትኛው ይምጣ የሚለውን መምረጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥር ሳይቀየር ደንበኝነትን መቀየር ማለት ይህ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች በየጊዜው ጉርሻና ቅናሽ የሚያወጡትም እንዲህ ያለውን ደንበኛ ለመሳብ ነው፤ ሁልጊዜ ከአንዱ ብቻ የሚገዛ ሰው እነዚህን ሳያያቸው ያልፉታል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ሁለተኛው ሲም በራስዎ መታወቂያ፣ በራስዎ ስም ይውጣ። በሰው ስም የተመዘገበ ሲም ላይ ቴሌብር ወይም ኤም-ፔሳ ከፍቶ ገንዘብ ማስቀመጥ ለክርክር የማይመች ችግር ውስጥ ይከታል።

የትኛው ኔትወርክ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ከተማ አቀፍ መልስ የለም፤ በተለይ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ። አሁን በአስተዳደር ሸገር ከተማ ውስጥ ይጠቃለሉ እንጂ የመሬት አቀማመጣቸው ለየቅል ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት፤ ሰበታ የወጨጫ ግርጌ ላይ ተቀምጣለች፤ ቡራዩም በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ በኮረብታና በሸለቆ ተከፋፍላለች። የሬዲዮ ሞገድ ተራራ አይበሳም፤ ከዋናው መንገድ ላይ አራት ዘንግ ሙሉ የሚያሳይ ስልክ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ሲሉ አንድ ዘንግ ሊቀረው ይችላል። ግድግዳውም ሲሚንቶ ሲሆን፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ሲሆን ሞገዱን ያዳክማሉ። ሌላው መጨናነቅ ነው። አንድ ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ላሉት ስልኮች ያካፍላል፤ አዲስ አበባ ውሎ የሚገባው ሰው ሁሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቪዲዮ ሲከፍት ቀን የሮጠው ኢንተርኔት ማታ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ የወር ጥቅል ከመግዛት በፊት የጎረቤትን ወይም የወንድምን ሲም ተውሶ ማታ፣ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ቀን ጥቅል ሞክሮ ማየት ያዋጣል። የማስታወቂያ ሰሌዳው ስለ እርስዎ ጓዳ አያውቅም።

ቀጥሎ የጥቅሉ ሒሳብ ነው። ጥቅል በአጭር ጊዜ ሲገዛ በሜጋባይት ይወደዳል፣ በረጅም ጊዜ ሲገዛ ይረክሳል። ለምሳሌ ያህል የቀን ጥቅል 15 ብር ነው እንበል፤ በየቀኑ የሚገዛ ሰው በወር 450 ብር ያወጣል። ያንኑ ያህል ዳታ በወር ጥቅል 300 ብር ቢሸጥ ልዩነቱ 150 ብር ነው። ኪሱ ውስጥ በአንድ ጊዜ 300 ብር የማይገኝ የቀን ሠራተኛ ነው ይህን ልዩነት የሚከፍለው፤ ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ግን በደመወዝ ቀን የወሩን ቢገዛ ያተርፋል።

ብዙ ሰው «ካርዴን በላብኝ» የሚለው ደግሞ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ወይም ቀኑ ሲያልፍ ስልኩ ኢንተርኔቱን አያቋርጥም፤ ወደ መደበኛው ታሪፍ ይሻገርና ከዋናው ሒሳብ ይቆርጣል። መደበኛው ታሪፍ ከጥቅሉ በብዙ ይበልጣል። ስልኩም ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ፎቶ ይጭናል፣ አፕሊኬሽን ያድሳል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ የጥቅሉን ገንዘብ ብቻ መሙላትና ዋናው ሒሳብ ላይ ብዙ ብር አለማሳደር፣ ሲተኙም ዳታን ማጥፋት። የኢትዮ ቴሌኮምን ጥቅል በ*999# ሲገዙ በራሱ እንዲታደስ የሚጠይቀውን ምርጫ አንብበው ይለፉ። የድምፅ ጥቅል ሲሆን ደግሞ ደቂቃው ወደ ሌላው ኔትወርክም ይሠራ እንደሆነ ይዩ፤ ባለ 09 ሆነው ብዙ የሚደውሉት ወደ 07 ከሆነ ርካሽ የመሰለው ጥቅል ሳይነካ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ወደ ቀፎው እንምጣ፤ እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው። ስልክ ከውጭ የሚገባ፣ እዚህ የሚገጣጠመውም ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴው ስልኩን መቼ እንዳስገባው ስለሚያውቅ የሚቀንስበት ቦታ አለው፤ ገዢው ግን አያውቅም። ይህንን ክፍተት የሚያጠብበው ዋጋ አጣርቶ መሄድ ብቻ ነው። መርካቶ አንድ ሁለት ሱቅ፣ ከዚያ ሰፈር ያለው ሱቅ፤ ሞዴሉን፣ ራሙንና ማከማቻውን ለይቶ መጠየቅ። ስሙ አንድ ሆኖ ማከማቻው በግማሽ ያነሰ ስልክ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ቡራዩ ላይ አንዲት እናት ለልጃቸው ስልክ ሊገዙ ገቡ እንበል።

«ስንት ነው ልጄ?»
«አሥራ ሦስት ሺህ ነው እናቴ። ለእርስዎ አሥራ ሁለት ተኩል ይሁንልዎ።»
«የመጨረሻውን ንገረኝ።»
«ያለ ደረሰኝ ከሆነ አሥራ አንድ ተኩል እሰጥዎታለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሻጩ የቀነሰው ከትርፉ አይደለም፤ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ባለመክፈል ነው። እናትየው 1,000 ብር ያተረፉ ይመስላቸዋል። ስልኩ በሁለተኛው ወር ቢቃጠል ግን ከዚያ ሱቅ መግዛታቸውን የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም፤ ዋስትናውም በቃል ይቀራል። እኔ ደረሰኝ የሌለውን ቅናሽ ቅናሽ አልለውም። መከራከር የሚገባው ከደረሰኙ በኋላ ባለው ላይ ነው። «ደረሰኙን ቁረጥልኝ፤ አስተያየት አድርግልኝ፤ መከላከያ መስታወቱንና ሽፋኑን ጨምርልኝ» ማለት ይቻላል። ሻጭ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ እነዚህን መጨመር ይቀለዋል፤ በርካሽ ስለሚያገኛቸው ነው። ዋስትናውም ስንት ወር እንደሆነ፣ ባትሪና ስክሪን ይጨምር እንደሆነ፣ ዕቃውን የሚጠግነው ማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ።

ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት *#06# ደውለው የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ደረሰኙም ላይ ያስጽፉት። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ያልተመዘገቡ ቀፎዎችን ከኔትወርክ የሚያግድ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ ያኔ ስልካቸው የተዘጋባቸው ሰዎች የዚህ ቁጥር ጥቅም የገባቸው በችግር ነው። ያገለገለ ስልክ ሲሆን ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ያረጋግጡ። የራስዎን ሁለት ሲሞች አስገብተው ይደውሉ፣ አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ መያዙን ይዩ። በሦስተኛው ትውልድ ብቻ የሚሠራ ስልክ ላይ ጥሩ ጥቅል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለውጭው ኮንትራት የሚቀርበው የእኛው ነገር በዱቤ የሚሸጥ ስልክ ነው። ከፊሉ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ቀሪው በየወሩ። ክፍያ ሲዘገይ ስልኩን ከርቀት የሚቆልፍ ፕሮግራም የሚጫንበትም አለ። ዱቤን አልጠላም፤ 12,000 ብር በአንድ ጊዜ ለማይኖረው ተማሪ ወይም አሽከርካሪ ሌላ በር የለም። ግን ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ እንሥራው። በእጅ በእጅ 12,000 ብር የሚሸጥ ስልክ 4,000 ብር ቅድሚያ፣ ከዚያ በወር 950 ብር ለ12 ወራት ተባለ እንበል። ወርሃዊው ሲደመር 11,400፣ ከቅድሚያው ጋር 15,400 ብር ነው። ጭማሪው 3,400 ብር። የተበደሩት 8,000 ስለሆነ 42 በመቶ ገደማ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይብሳል። በየወሩ ስለሚከፍሉ ዕዳው እየቀነሰ ይሄዳል፣ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ እጅዎ ላይ የቆየው የሰው ገንዘብ ከ8,000 ግማሽ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ሲታይ ወለዱ በዓመት ከ70 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ «በወር ስንት ነው?» ብሎ መጀመር የሻጩን መንገድ መከተል ነው። መጀመሪያ የእጅ በእጅ ዋጋውን ያስቀንሱ፣ ቀጥሎ ጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው ይበሉ፣ መጨረሻ ላይ ቀድሜ ብጨርስ ስንት ይቀነስልኛል ብለው ይጠይቁ። ይህኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያነሳው፣ ብዙ ብር የሚያስቀረው ነው።

ከኔትወርክ ኩባንያው ጋር ፊት ለፊት መደራደር የሚቻልበት አንድ መንገድም አለ፤ በርከት ብሎ መቅረብ። ለድርጅቶች የሚሸጥ አገልግሎት ከግለሰቡ የተለየ ነው። የሰበታ ፋብሪካ፣ የሱሉልታ ውኃ አምራች፣ የቡራዩ ሚኒባስ ማኅበር ለአባላቱ በጋራ ሲጠይቅ ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ስለ መጠን ይነጋገራል። ተለያይተው ሲገዙ የሌላቸው ጉልበት ሲሰባሰቡ አላቸው።

ያለአግባብ ተቆረጠብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክት፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደረሰውን መልእክት አይሰርዝ። ካልተፈታለት ቅሬታውን ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ መውሰድ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ የተጠቃሚውን መብት የመጠበቅ ኃላፊነትም አለበት።

ለባለሥልጣኑና ስልክ በዱቤ ለምትሸጡ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቴሌብር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በትግርኛ ይሠራል፤ የዱቤ ውልም ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። የእጅ በእጁ ዋጋና ጠቅላላው ክፍያ ጎን ለጎን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ይቀመጡ።