በማይረባ ፒያኖ የተቀዳው ዝነኛ አልበም፤ እናንተስ ስትጫወቱ ትቀዳላችሁ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1975፣ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ። አሜሪካዊው ፒያኒስት ኪት ጃሬት ኦፔራ ቤቱ ሲደርስ ያዘዘው ትልቅ ፒያኖ የለም። የቀረበለት አነስ ያለ፣ ቅኝቱ የተበላሸ፣ ፔዳሉም በቅጡ የማይሠራ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል፣ ወፍራሙ ደግሞ አቅም የለውም። ጃሬት ወገቡን ያመው ነበር፤ «አልጫወትም» አለ። አዘጋጇ ቬራ ብራንድስ ገና የ18 ዓመት ልጅ ናት፤ ለመነችው። ፒያኖው ለሰዓታት ተጠገነ፣ ቀራጮቹም ማይክራፎናቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ።

ኖታ የለ። አዝማሪ ግጥሙን እዚያው እንደሚፈጥረው፣ እሱም አንድ ሰዓት ያህል እዚያው እየፈጠረ ተጫወተ። ፒያኖው ዳር ዳሩ ስለማያምር መሀል መሀሉን ያዘ፤ ግራ እጁም አንድን ምት ደጋግሞ ይመታል። «ዘ ኮልን ኮንሰርት» የተባለው ይህ ቅጂ በሚሊዮን ተሸጠ።

ለእኛ ደስ የሚለን ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው። ፒያኒስቶች «ኖታውን አሳትምልን» ብለው ወጠሩት። ለዓመታት እምቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲታተም፣ ዋናው ማጣቀሻ ወረቀቱ ሳይሆን ቅጂው እንዲሆን ጠይቆ ነው። እውነቱን ነው እንላለን፤ ጣት ቁልፉ ላይ የቆየበትን መጠን ወረቀት አይነግርም።

እንግዲህ ቤታችሁ ኪቦርድ ወይም ፒያኖ ካለ፣ ስልካችሁ ይበቃል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ፒያኖው ላይ ግን አታስቀምጡት፣ ንዝረቱን ይቀዳል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ይበል። አስር ደቂቃ ሳታቋርጡ ተጫወቱ፤ ብትሳሳቱም ቀጥሉ።

ከዚያ ወዲያው አትስሙት! መጀመሪያ «የቱ ጋ አሪፍ ነበር? የቱ ጋ ተበላሸ?» የሚለውን ከትዝታችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ እየሰማችሁ ደቂቃውን መዝግቡ፣ ከጻፋችሁት ጋርም አስተያዩት። ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስትጫወቱ ሐሳባችሁ የሚቀጥለው ላይ ስለሆነ ያለፈውን በደንብ አትሰሙትም። ያፈራችሁበት ስህተት ጥሩ ዜማ ሆኖ ይገኛል፤ የኮራችሁበት ፈጣን ሩጫ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተጫወታችሁት ራሱ ይሆናል (ይሄኛው ያናድዳል)።

የወደዳችሁትን 20 ሴኮንድ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፣ በሚቀጥለው ቀረጻ ከእሱ ጀምሩ። ሙሉውን ፋይል ግን አታጥፉ።