የጌም ኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ፤ በአየር ይሻላልን ወይስ በውሃ?

ለጌም የሚሆን ኮምፒዩተር ለጽሕፈት ሥራ ከሚውለው የሚለየው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ በሚያወጣው ሙቀትም ጭምር ነው። ዕቃውን አስመጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴም ሆነ ወጣቶችን በሰዓት ሒሳብ እያጫወተ ለሚተዳደር ባለመደብር፣ መሣሪያው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ማቀዝቀዣው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ያለ ጊዜው ተበላሽቶ እንደገና የሚገዛ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሳራ ከፊተኛው እጅግ የከበደ ሆኗል። ስለዚህ በአየርና በውሃ ማቀዝቀዣ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ መርምሮ መግዛት ለሻጩም ለገዢውም ይጠቅማል።

የሙቀቱ ምንጭ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከሙቀቱ ምንጭ መጀመር ይገባል። ኮምፒዩተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የኮምፒዩተሩ አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ እንደየዐይነቱ ይለያያል። ለምሳሌ ራይዘን 5 7600 የተባለው በ65 ዋት፣ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ የተባለው በ120 ዋት ደረጃ የተመደቡ ሲሆኑ፣ የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ግን እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ሥፍራ ነው። ሥዕሉን የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ የራሱ ማራገቢያ ያለው ሲሆን፣ አርቲኤክስ 4070 የተባለው ብቻውን 200 ዋት ይወስዳል።

የዛሬ ዘመን ፕሮሰሰር ሙቀት ሲበዛበት ወዲያው አይቃጠልም። እንደየዐይነቱ ብዙ ጊዜ ከ89 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚሆነው ወሰኑ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። ከዚህም የተነሣ ደንበኛው ወደ መደብሩ የሚመለሰው ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ ብሎ ሳይሆን ጌሙ ይቆራረጣል ብሎ ነው። ጤነኛ ዕቃ አውጥቶ በሌላ ከመለወጥ በፊት ማቀዝቀዣውን መመልከት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የሁለቱ ዘዴዎች አሠራር

ልዩነቱን ለማስረዳት የመኪና ሞተር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሞተሯ በስተኋላ የሆነው የቀድሞዋ ቮልስዋገን ውሃ ሳትፈልግ በማራገቢያ ነፋስ ብቻ ትቀዘቅዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የወጣችውና በሐረር ጎዳናዎች በታክሲነት ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው ፔዦ 404 ግን በውሃና በራዲያተር የምትቀዘቅዝ ናት።

የኮምፒዩተሩም ነገር እንዲሁ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፍ የብረት መሠረት፣ ከእርሱ የሚወጡ የመዳብ ቱቦዎች፣ ብዙ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎችና አንድ ወይም ሁለት ማራገቢያ አለው። በታሸጉት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ጥቂት ፈሳሽ ሙቀቱን ተቀብሎ ይተናል፤ ወደ ክንፎቹ ደርሶ ሲበርድ ተመልሶ ይወርዳል። ከጠቅላላው ዕቃ የሚሽከረከረው ማራገቢያው ብቻ ነው። የውሃ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሙቀት የሚቀበል የመዳብ ሳህን፣ ፈሳሹን የሚገፋ ፓምፕ፣ ሁለት ጎማ ቱቦዎች፣ ራዲያተርና ማራገቢያዎች አሉት። ውሃ በመጠን እኩል ከሆነው አየር ይልቅ 3,500 እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚሸከም፣ ሙቀቱን ከጠባቡ ሥፍራ ለማንሣት እጅግ የተመቸ ነው።

ይሁን እንጂ ውሃው ሙቀቱን ያጓጉዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ራዲያተሩ ሙቀቱን የሚያራግፈው በዚያው በክፍሉ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዘዴዎች ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዙት አይችሉም፤ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ራዲያተር ያለው መኪና ዳገት ላይ እንደሚያፈላ የደንገጎን መንገድ የወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቃል።

የሐረር አየርና አቧራ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ ማራገቢያውም በዚያው ልክ መፍጠን ይኖርበታል። ይህ ጉድለት በክንፎቹም በራዲያተሩም ላይ ስለሚደርስ፣ ውሃ የመረጠ ሰው ከእርሱ አያመልጥም። በሌላ በኩል የከተማዋ አየር ከድሬዳዋ ቀዝቃዛ መሆኑ፣ በጁገል ውስጥ ያሉት ቤቶችም ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ለድሬዳዋ ደንበኛ የሚሸጥ ኮምፒዩተር ግን የክፍሉ ሙቀት ከፍ ስለሚል አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ ሊታሰብለት ይገባል።

አቧራ ለሁለቱም ጠላት ነው። የጎዳና ትቢያ፣ የዕጣንና የቡና መቁያ ጢስ በክንፎች መካከል ሲጣበቅ ነፋሱን ይዘጋል። ነፋስ ማስገቢያው ላይ ወንፊት ያለበትን ኬዝ መምረጥና በየሦስት ወሩ ማጽዳት ከማንኛውም ውድ ማቀዝቀዣ የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል።

ዕድሜና ብልሽት

የሁለቱ ዋና ልዩነት የሚታየው ዓመታት ሲያልፉ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ብረቱ አያረጅም ለማለት ይቻላል። የሚያረጀው ማራገቢያው ሲሆን፣ እርሱም ከመቆሙ በፊት በጩኸት ያስታውቃል፤ መጠኑ የተለመደው 120 ወይም 140 ሚሊ ሜትር ስለሆነም በቀላሉ በሌላ ይተካል። ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ለማቀዝቀዣዎቹ የ6 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ አዲስ ዐይነት ፕሮሰሰር ሲወጣም ለብዙዎቹ መግጠሚያ ያዘጋጃል። ስለዚህ አንድ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሊሸጋገር ይችላል።

የውሃ ማቀዝቀዣ ግን ከማራገቢያው ሌላ ፓምፕ አለው። ፈሳሹም በዓመታት ውስጥ በጎማው ግድግዳ ጥቂት በጥቂት እየተነነ ይቀንሳል፤ ዝቃጭ ከተፈጠረም በመዳቡ ሳህን ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ይዘጋል። ከፋብሪካ ታሽገው ከሚመጡት አብዛኞቹ እንደገና እንዲሞሉ ሆነው ስላልተሠሩ፣ ፓምፑ ሲቆም ዕቃው በሙሉ ይጣላል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆነው የተለመደ ዋስትናቸውም በግምት የሚጠበቀውን ዕድሜ ያመለክታል። መፍሰስ ብዙ ጊዜ የማይደርስ ነገር ቢሆንም፣ ሲደርስ የሚጎዳው ከማቀዝቀዣው ይልቅ ውድ የሆነውን ማዘርቦርድና የግራፊክስ ካርድ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 ላይ እንዲህ ያለ መፍሰስ በኋለኞቹ ዓመታት በብዙ ባለቤቶች ላይ ደርሷል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ማክ ፕሮ ወደ አየር ማቀዝቀዣ ተመልሷል።

በእጅ የሚሞላ የውሃ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ሰው ደግሞ የቧንቧ ውሃ ከቶ መጠቀም የለበትም። በማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚታየው ነጭ ቅራሪ በዚህም ውስጥ ይጋገራል። የሚያስፈልገው ዲስቲልድ የተባለው የተጣራ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ነው፤ እርሱም በየጊዜው መለወጥ ይኖርበታል።

ውሃ የሚመረጥበት ጊዜ

ከዚህ የተነሣ ውሃ ዘወትር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ከ200 ዋት በላይ ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ ረጅም የአየር ማቀዝቀዣ የማያስገባ ጠባብ ኬዝ፣ ወይም ፊልም የሚያቀናብር ደንበኛ ሲኖር የውሃው ብልጫ ይታያል። ብዙ ጌሞች ግን ፕሮሰሰሩን እስከ ሙሉ ኃይሉ አያሠሩትም፤ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው የግራፊክስ ካርዱ ነው። ጸጥታን በሚመለከትም ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ በዝግታ ሲዞር ድምፁ አነስተኛ ሲሆን፣ የውሃው ፓምፕ ዘወትር ጥቂት ይጮኻል። በማኪና ግርግር ከስፌት መኪናዎቹ አጠገብ ላለ መደብር ይህ ልዩነት ከቁም ነገር ባይገባም፣ በሌሊት በመኝታ ክፍል ለሚጫወት ሰው ይሰማል።

ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር

አንደኛ፣ ከ120 ዋት ለማይበልጥ ፕሮሰሰር ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ማቅረብ ይበቃል፤ የሚተርፈውን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ ወይም ለስታቢላይዘር ማዋል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ትልልቅ የአየር ማቀዝቀዣዎች ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ባለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ተገጥመው ሲጫኑ ማዘርቦርዱን ሊጎዱ ይችላሉ። ለብቻ ታሽገው መጥተው እዚሁ ቢገጠሙ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ሲገጠም የራዲያተሩ ከፍተኛ ክፍል ከፓምፑ በላይ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአየር አረፋ ወደ ፓምፑ ገብቶ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አራተኛ፣ ዋስትናው ተበላሽቶ የሚተካውን ማቀዝቀዣ ብቻ የሚያካትት መሆኑን ወይም በመፍሰስ የተጎዳውንም ዕቃ የሚጨምር መሆኑን ከአቅራቢው በጽሑፍ መቀበል፣ ለደንበኛውም በደረሰኙ ላይ ከተሸጠበት ቀን ጋር መጻፍ ይገባል። የፈሰሰ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የሚጠይቀው ፋብሪካውን ሳይሆን የሸጠለትን ባለሱቅ ነውና።

አምስተኛ፣ በመደብሩ ውስጥ ጥቂት የ120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያዎችና በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት ዘወትር እንዲገኙ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙው ጥገና በእነዚህ ብቻ ይፈጸማል፤ ደንበኛውም ሌላ ዕቃ ከሩቅ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሥራው ይመለሳል።