የጊዳን ዝናብ፣ የቆቦ ኪሳራ

ባሕር በር የሌላት አገር ስለ ባሕር ዳርቻ ጎርፍ ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖራል። ጃካርታን ግን ልብ ብሎ ማየት ይጠቅመዋል። የኢንዶኔዥያዋ ከተማ ሰሜናዊ ሠፈሮች ለዓመታት የሚሰምጡት የባሕሩ ውሃ ከፍ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ነዋሪውና ፋብሪካው የከርሰ ምድሩን ውሃ በጉድጓድ እየሳበ ስለጨረሰው መሬቱ ራሱ ቁልቁል ወርዷል። መንግሥት የባሕር ግንብ ሠራ፣ መሬቱ ሲወርድ ግንቡም አብሮ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዋና ከተማውን ወደ ቦርኒዮ ደሴት የሚያዛውር ሕግ ጸደቀ። ችግሩ የሚፈጠረው አንድ ቦታ፣ ገንዘቡ የሚፈሰው ሌላ ቦታ ሆኖ ነበር።

የኛ ግንብ ፈላጊዎች ያሉት ደግሞ ከሰሜን ወሎ ተራሮች ግርጌ ነው። በላስታ፣ ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ይደርሳል፤ የቆቦ ሜዳ ከፍታ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ገደል መሰል ቁልቁለት ሐምሌና ነሐሴ የሚጥለው ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። የምዕራቡ ተከዜን ይሞላል። የምሥራቁ ከጊዳን ደጋ በጎሊናና በመሰል ወንዞች እየተንደረደረ ቆቦ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ የተረፈው አፋር ይገባል። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከብቱ ወንዝ ዳር እየጋጠ ሳለ ደራሹ ከች የሚለው ለዚህ ነው። ማሳው በአሸዋ ይሞላል፣ ከብት ይወሰዳል፣ መንገድ ይቆረጣል።

ታዲያ በየወንዙ ግራና ቀኝ ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ ድንጋይ) ደርድረን ጎርፉን ወደ አፋር ብንሸኘውስ? እዚህ ላይ የቆቦ ገበሬ ከብዙ መሐንዲስ የተሻለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። ይኸው ደራሽ ለሱ ሀብትም ነው፤ በጠለፋ ቦይ ወደ ማሳው መልሶ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል፣ ከደጋ የመጣው ደለል አፈሩን ያድሳል፣ የሠረገውም ውሃ የመስኖ ጉድጓዶቹን ይመግባል። ግንቡ ጎርፉን ሙሉ በሙሉ ካባረረው፣ ከጉዳቱ ጋር ገቢውም ይባረራል። ከዚያ በፓምፕ ብቻ ወደ መኖር ይኬዳል፤ የጃካርታ መንገድ የተጀመረው በዚሁ ነው። የሚያስፈልገው ጎርፉ እንዲቀር ሳይሆን ጉልበቱ ተሰብሮ፣ ቀስ ብሎ እንዲመጣ ነው። ጉልበቱ የሚሰበረው ደግሞ ቆቦ ላይ ሳይሆን ጊዳን ላይ፣ በእርከን፣ በቦረቦር ክትርና ከንክኪ በተከለለ ተራራ ነው።

ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? በበጋ ወራት በተፋሰስ ዘመቻ፣ ያለ ክፍያ፣ የደጋው ገበሬ። ከዘመቻው ሌላ፣ በ1997 ከተጀመረው ሴፍቲኔት ወዲህ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ በእህል ወይም በጥሬ ገንዘብ እየተከፈለው ሲሠራ ቆይቷል። ክፍያው ግን የሚሰላው በድህነቱ ነው። የሠራው እርከን ቆቦ ላይ ስንት ማሳ እንዳዳነ የትም አይመዘገብም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከድህነት ሲወጣ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ እርከኑ ደግሞ ጠጋኝ ያጣል። የልፋቱ ፍሬ ሌላ ወረዳ፣ አንዳንዴም ሌላ ክልል ላይ የሚታይ ሰው፣ በነጻ እስከ መቼ ድንጋይ ይሸከማል?

በጥገና ጉዳይ ላሊበላ ራሷ ምስክር ናት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት በታች ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ግቢያቸው ጉድጓድ ስለሆነ፣ መውረጃ ባይበጅለት ክረምት በመጣ ቁጥር ኩሬ ይሆን ነበር፤ የጥንቶቹ ጠራቢዎችም ቦዩን ከቤተ መቅደሱ ጋር አብረው አሰቡት። በ2000 ከአውሮፓ ኅብረት በተገኘ ገንዘብ በአንዳንዶቹ ላይ ጊዜያዊ መጠለያ ተተከለ፤ በ2011 ነዋሪው መጠለያው ራሱ አደጋ ሆኗል ብሎ አደባባይ ወጣ። ለትልቅ ብረት ለጋሽ አይጠፋም። ቦይ ለመጥረግ ግን ሪባን የሚቆርጥለት የለም፣ ዓመታዊ በጀትም እምብዛም አያገኝም።

ሰው ለማዳን ደግሞ ከእርከኑም የሚረክስ ነገር አለ፤ ቀድሞ ማስጠንቀቅ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። በተኛበት ነው የደረሰበት። ከዚያ በኋላ ለከተማዋ የመከላከያ ግንብ ተሠራላት፤ ለአንድ ትልቅ ከተማ ያዋጣል፣ በላስታና በራያ ቆቦ ላለው ቦረቦር ሁሉ ግን አይዳረስም። የዛሬዋ ባንግላዴሽ በ1970 እ.ኤ.አ. በአንድ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ሞቶባታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታት ሟቾቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አሁንም ብዙ ነው፣ ከቀድሞው ጋር ግን አይወዳደርም። በመሀል የተጨመረው በዋናነት መጠለያና በድምፅ ማጉያ መንደር ለመንደር የሚያስጠነቅቅ በጎ ፈቃደኛ ነው።

በጊዳንና በቆቦ መካከል የስልክ ጥሪ ሴኮንዶች ይፈጅበታል፣ ጎርፉ ግን ያን ገደል እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። ደጋ ላይ የዝናብ መለኪያ፣ የሚደውል ተከፋይ ሰው፣ ቆላ ላይ ደግሞ ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ቢኖር ወጪው ከጋቢዮን ግንብ ጋር አይወዳደርም። በእርግጥ ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ በአካባቢው እንደታየው ኔትወርክ ሲዘጋ ይህም ይዘጋል፤ የጸጥታ ችግር የጎርፍ ወጪም እንዳለው በበጀት ክርክራችን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በምዕራቡ በኩል መልሱ አይርቅም። በ2002 የተመረቀው፣ 188 ሜትር ቁመትና 300 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ ከላስታ ተራሮች የሚታጠበው አፈር ይወርድበታል። የገባው ደለል የግድቡን ዕድሜ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እርከን ለኤሌክትሪክ አምራቹ የጥገና ወጪ ነው። ከሚሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ጥቂት ሳንቲም ለላይኛው ተፋሰስ ቢቆረጥ፣ ክፍያው በድህነት መጠን መሆኑ ቀርቶ ጸንቶ በቆመ እርከን ልክ ሊሆን ይችላል። በምሥራቁ በኩል ነገሩ ይከብዳል። ቆቦ ላይ ሂሳብ የሚላክለት አንድ ትልቅ ድርጅት የለም፤ ተጠቃሚው በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው አፋር ደግሞ በሌላ ክልል በጀት ይተዳደራል። በዚያ በኩል የመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት ትንሽ መዋጮ ቢጀምሩ እንኳ የሚበዛው ወጪ በፌዴራል መንግሥት ላይ ይወድቃል። የፌዴራሉ ካዝናም ቢሆን የዚህ ጎርፍ ወጪ አይቀርለትም፤ ዛሬም ከአደጋው በኋላ በዕርዳታ እህልና በድንኳን መልክ ይከፍለዋል።